ስንት ወር ሳይነካ ይቆያል?

የታብሌት ብዕር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ስንት ሰዓት ይጽፋል?» ብሎ ነው። ካርቶኑም ላይ በትልቁ የተጻፈው ይኸው ነው፤ 10 ሰዓት፣ 12 ሰዓት። እኔ ጠጋኝ እንጂ ሻጭ ስላልሆንኩ የማየው የዕቃውን መጨረሻ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀርቡት ብዕሮች አብዛኞቹ በመጻፍ ብዛት የደከሙ አይደሉም። ሳይጻፍባቸው ተቀምጠው ያለቁ ናቸው።

ወቅትም አላቸው። መስከረም ሲያልቅና ጥቅምት ሲገባ ይበዛሉ። ትምህርት ቤት በሰኔ ሲዘጋ መምህራን ታብሌቱን ከነብዕሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ይሄዳሉ። ክረምቱ አልፎ ሲከፈት ታብሌቱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይነሳል፤ ብዕሩ ግን አልነሳም ይላል። ሌላው ወቅት ከውጭ እንግዳ የሚገባበት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለታናሽ ወንድም የተላከ ብዕር ሻንጣ ውስጥ ቆይቶ፣ ከዚያ ደግሞ «ለምርቃቱ ቀን» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ማሸጊያው ሲቀደድ ዕቃው አዲስ ነው፣ ባትሪው ግን ጠብታ የለውም።

«ወንድሜ፣ አልተጠቀምኩበትም እኮ!» ትለኛለች የብዕሩ ባለቤት። ልክ ናት። የተበላሸውም ስላልተጠቀመችበት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የመጀመሪያውን አፕል ፔንስል እንውሰድ። አይፊክሲት የተባለው የጥገና መረጃ ድርጅት ፈቶ ሲያየው ባትሪው 3.82 ቮልትና 0.329 ዋት-ሰዓት ነበር። ይህ 86 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 6ኤስ 1715 ነበረው፤ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። አፕል ለብዕሩ የሰጠው የሥራ ጊዜ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ 86ን ለ12 ስናካፍል በሚጽፍበት ጊዜ በአማካይ 7 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ጫፉ ለስክሪኑ ምልክት እየላከ፣ የእጅን ግፊት እየለካ፣ በብሉቱዝ እያወራ በዚህ መጠን መሥራቱ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው።

አሁን ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠው። ሲጽፍ ከሚወስደው ከሦስት መቶ እጅ አንዱን እንኳ የማይሞላ፣ 20 ማይክሮአምፒር ብቻ ይወስዳል እንበል። ይህ ለስሌት ያህል የያዝኩት ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ አለው። በዚህ ሒሳብ 86 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚያልቀው በ4300 ሰዓት ነው፤ ስድስት ወር ገደማ። ሰኔ ላይ ግማሽ ቻርጅ ይዞ ከተቆለፈበት ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ይቀረዋል። መስከረም ላይ ባዶ ነው። ያንኑ 20 ማይክሮአምፒር ከስልኩ ባትሪ ላይ ብንቀንስ ግን ለመጨረስ አሥር ዓመት ሊጠጋ ነው። እንስራም ሲኒም እኩል ጠብ ጠብ ቢሉ ቀድማ የምትደርቀው ሲኒዋ ናት።

የተኛ ብዕር ለምን ይወስዳል? ብዙዎቹ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌላቸው ነው። ሲነሱ እንዲነቁ ውስጣቸው የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ፤ እሱ ራሱ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ታብሌቱ ሲጠራቸው እንዲሰሙ የብሉቱዝ ቺፑ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ባትሪውን ከሾርትና ከመጠን በላይ ከመውረድ የሚጠብቀው ትንሽ ሰሌዳም የራሱን ድርሻ ይቆነጥራል። ከእነዚህ ሁሉ ተነጥሎ ቢቀመጥ እንኳ ባትሪው በተፈጥሮው በየወሩ ትንሽ ይወርዳል፤ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብዕር መተው የማልመክረው ለዚህ ነው።

ይህ እንግዲህ በትክክል የሚተኛው ብዕር ነው። የማይተኛም አለ። አንድ አርክቴክት «ማታ 90 ፐርሰንት አስቀምጬው ጠዋት 60 ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ብሎ መጣ። እንዲህ ያለ ስሞታ ስሰማ ባትሪውን ከመጠርጠሬ በፊት የት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። ከታብሌቱ ጎን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያድረው። ታብሌቱ ደግሞ የሕንፃ ፕላን እንደተከፈተ፣ ብሉቱዙ እንደበራ። ሁለቱ ሲጠራሩ ያድራሉ። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ ማታ ብሉቱዙን አጥፍቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ደግሞ አብርቶ ማሳደር፣ ጠዋት ጠዋት ፐርሰንቱን መመዝገብ። ብሉቱዝ በጠፋበት ሌሊት ንቅንቅ ካላለ ባትሪው ጤነኛ ነው። ከታብሌቱ ዝርዝር ውስጥ ሰርዞ እንደ አዲስ ማገናኘትና የታብሌቱን ሶፍትዌር ማደስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በሁለቱም ሌሊት እኩል ከወረደ ግን በእርግጥ ባትሪው ወይም ሰሌዳው ነው።

ቦርሳ ሌላው ጠላት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሲኤምሲ በሚኒባስ የሚመላለስ ብዕር በየጉድጓዱ ይነቃል፤ የእንቅስቃሴ መለኪያው መንገዱ መጥፎ መሆኑን አያውቅም፣ ባለቤቴ ሊጽፍ ነው ብሎ ይነሳል እንጂ። አንዳንድ አምራቾች ይህን አስበውበታል። ለምሳሌ በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ-ሲ አፕል ፔንስል ከአይፓዱ ጎን በማግኔት ሲለጠፍ ቻርጅ አይሆንም፣ ግን ይተኛል። ከ2018ቱ ሁለተኛ ትውልድ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ ያኛው ሲለጠፍ ቻርጅ ይሆናል። ባለ ዩኤስቢ-ሲውን ለሳምንት ለጥፈው «ቻርጅ አልገባ አለ» የሚሉ ደንበኞች የሚፈልጉት ጥገና ሳይሆን ገመድ ነው። ቻርጅ የሚሆነውም ቢሆን ታብሌቱ ወፍራም ሽፋን ከለበሰ ማግኔቱ ይይዘዋል እንጂ ኃይሉ በደንብ አያልፍም። የተለጠፈ ሁሉ ቻርጅ እየሆነ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሙሉ በሙሉ ወርዶ የቆየው ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ 3 ቮልት ሲደርስ አልቋል ይባላል። 2.5 አካባቢ መከላከያ ሰሌዳው ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላም በራሱ መውረዱን አያቆምም። እጅግ ሲወርድ በውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል ወደ ፈሳሹ ይሟሟል፤ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ከውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ብዙም ያልቆየ ብዕር ሲመጣ ቻርጅ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ትቼ እጠብቃለሁ፤ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል በጣም የወረደ ባትሪን መጀመሪያ በትንሽ ከረንት ስለሚሞክረው ወዲያው ምልክት ባያሳይ አይገርምም። ዓመት የተኛውን ግን አላስጨንቀውም።

«ኢንጂነር፣ አንዴ በፓወር ሰፕላይ ሾክ አድርገውና ይነሳ» የሚለኝ አይጠፋም። አላደርገውም። ተነስቶ ሊጽፍ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ውስጡ ምን እንደተጋገረ ሳላውቅ ሰው በጣቶቹ መካከል ይዞት እንዲውል አልሰጥም። ቀይርልኝ ለሚለውም መልሴ አስደሳች አይደለም። አብዛኛው ባለ ሊቲየም ብዕር በሙጫ የታሸገ አንድ ቱቦ ነው። ብሎን የለውም፣ ክዳን የለውም። ባትሪው ጋ ለመድረስ ቱቦውን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የተቆረጠው ቱቦ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። አይፊክሲት ለዚያ ለመጀመሪያው አፕል ፔንስል ለመጠገን ምቹነቱ ከ10 የሰጠው 1 ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ባትሪ የሌለው የለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። አለ፤ ከእነዚህ ሁሉ በፊትም ነበር። በ1983 የተመሠረተው የጃፓኑ ዋኮም ያስፋፋው ዘዴ ነው። ከስክሪኑ ወይም ከሰሌዳው በታች ያለው የሽቦ መረብ የኤሌክትሮማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ ብዕሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የሽቦ ጥቅል ከዚያ መስክ ኃይል ትቀበልና ያለችበትን ቦታና የተጫናትን ግፊት መልሳ ታሳውቃለች። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት በ2011 ሲወጣ ይዞት የመጣው ኤስ ፔን በዚህ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ብዕር አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ ቢወጣ፣ ታብሌቱ እስከበራ ድረስ ይጽፋል። አንዲት የሥዕል መምህርት የጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ብዕር ይዘው መጥተው «ቻርጅ አልቀበልም አለኝ፣ ምልክትም አያሳይ» አሉኝ። «መምህር፣ ይሄ እኮ ባትሪ የለውም፤ ጫፉን ብቻ ልቀይርልዎት» ስላቸው ሳቁ። ያን ቀን የሠራሁት ጥገና ይኸው ነበር።

መሐል ሰፋሪም አለ። የ2018ቱ ጋላክሲ ኖት 9 ኤስ ፔን ብሉቱዝ ሲጨመርለት ሊቲየም ባትሪ አልተሰጠውም፤ ትልቅ ካፓሲተር እንጂ። በ40 ሰከንድ ይሞላል፣ 30 ደቂቃ ወይም 200 ጊዜ ቁልፍ ለመጫን ይበቃል። ካፓሲተሩ ባዶ ሲሆን የሚቀረው ከርቀት ፎቶ ማንሳቱ ነው፤ መጻፉ ይቀጥላል። ከንድፎቹ ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ኃይል ሲያልቅ የሚቀርበት ትርፉ ሥራ እንጂ ዋናው አይደለም።

ባለ ድንጋይ ብዕሮችም አሉ። የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፔን ለረጅም ጊዜ ይሠራ የነበረው ከሪሞት ድንጋይ በቀጠነ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ 8.3፣ ርዝመቱ 42.5 ሚሊሜትር። ኩባንያው የሰጠው ዕድሜ እስከ 12 ወር ነው። እዚህ በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። የጠጋኞች ዘዴ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ መፍታት ነው፤ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው ስድስት ቀጫጭን ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች አሉ። ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚያጥሩ መሙያ ይፈልጋሉ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም ከውጭ ሲያዩት ሊያሳስት ስለሚችል በመልቲሜትር ሳይለኩ መክተት አይገባም። ባለ ድንጋዩ ብዕር አንድ ትልቅ በጎነት አለው፤ ለክረምት ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ በእርግጥ ጠፍቷል። ካልወጣ ግን ድንጋዩ ፈሳሽ አውጥቶ መቀመጫውን ሊበላው ይችላል።

ስለዚህ ምክር ሲጠይቁኝ የምጀምረው ከብራንድ ሳይሆን ከልማድ ነው። በየቀኑ የሚስል፣ ማታ ማታ ብዕሩን ወደ ቻርጅ የሚመልስ ሰው ባለ ሊቲየሙን ቢገዛ ምንም አይሆንም። በሳምንት አንዴ ፒዲኤፍ ላይ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ፣ ለፈተና እርማት ብቻ የሚያወጣ መምህር፣ በየወሩ የሚያነሳ ተማሪ ግን ባትሪ አልባውን የሚቀበል ታብሌት ቢመርጥ ይሻለዋል። ባለ ሊቲየሙን አስቀድሞ የያዘ ደግሞ ለክረምት ሲቆልፍበት ግማሽ በግማሽ ሞልቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጎ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዴ አውጥቶ ቻርጅ ያድርገው። ስልኩ ላይ ማስታወሻ መሙላት ብቻ ነው።

ከአምራቾቹ የምጠብቀውም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ፣ አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ያሉ አነስተኛ ባትሪዎችን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መተካት እንዲችል ያዛል። ለዚያ ገበያ የተሠራ ዕቃ በሻንጣም በኮንቴይነርም ወደ እኛ ስለሚመጣ ለኔ ጠረጴዛ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «ሳይነካ ይህን ያህል ወር» የሚል መስመር ቢጨመር ከብዙ ጥገና ይሻላል። ዕቃው ሲተኛ ስንት እንደሚወስድ ሳይለካ የሚሸጥ ኩባንያ አለ ብዬ አላምንም፤ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ያለ ይመስለኛል።

እስኪጽፉት ድረስ ገዢው ራሱ ሊለካው ይችላል። ሻጩ የሰጠው ዋስትና ሳያልቅ ብዕሩን ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ከታብሌቱ አርቃችሁ አንድ ሳምንት ሳትነኩት አቆዩት። ከዚያ 100ን ለወረደው ፐርሰንት አካፍሉ፤ የሚወጣው ብዕሩ ሳይነካ የሚቆይበት የሳምንት ብዛት ነው። 4 ፐርሰንት ከወረደ 25 ሳምንት፣ ክረምቱን ይሻገራል። 25 ፐርሰንት ከወረደ 4 ሳምንት ብቻ ነው፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።