ከዱር ሣር እስከ ዘር እህል

ዛሬ በአውድማ የምናያቸው ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና ጤፍ በጥንት ዘመን ዘራቸውን ራሳቸው ከሚበትኑ የዱር ሣሮች የተገኙ ናቸው። የዱር ሣር ፍሬው እንደ ደረሰ ከዛላው እየተላቀቀ ይረግፋል። ይህ ጠባይ ዘሩን ለማስፋፋት ለሣሩ የሚበጅ ሲሆን፣ ለሚሰበስበው ሰው ግን ኪሣራ ነው።

ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ መካከል በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት ፍሬያቸው የማይረግፍ ጥቂት ተክሎች ይገኛሉ። አጨዳ በሚካሄድበት ጊዜ የረገፈው በመሬት ሲቀር፣ ያልረገፈው ከነዶው ጋር ወደ ቤት ይገባል። ለከርሞው ዘር የሚነሣውም ከዚሁ በመሆኑ የማይረግፈው ዓይነት ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ። እንዲሁም በአፈር ውስጥ ሳይዘገይ ዝናብ እንዳገኘ የሚበቅለውና ፍሬው ወፈር ያለው ዓይነት የበላይነትን አገኘ።

ይህ ሥራ በአንድ ጀምበር የተፈጸመ አይደለም። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች አካባቢ የዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ የተጀመረው የስንዴና የገብስ እርሻ እህሉን ፈጽሞ ለማዳ ለማድረግ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አቅራቢያ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የታተመው የማሽላ ገለባም ማሽላ ከ5 ሺህ ዓመታት በፊት መላመድ መጀመሩን ያስረዳል። ጤፍን ለማዳ ያደረገው ደግሞ የሀገራችን ገበሬ ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው ዐቢይ ጉዳይ አለ። ይኸውም ፍሬው የማይረግፍ እህል ራሱን ሊዘራ ስለማይችል፣ የሰው እጅ ከተለየው የሚጠፋ መሆኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ገበሬዎች ለዘር ያስቀመጡትን እህል ለመብላት ወይም ለመሸጥ ተገደዋል። በዚህ ሁኔታ የሚጠፋው የአንድ ክረምት ዘር ብቻ ሳይሆን፣ ከአካባቢው አፈርና ዝናብ ጋር በብዙ ትውልድ የተስማማ ዝርያ ጭምር ነው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ጋምቤላ፣ መተከልና አሶሳ የሠፈሩ ወገኖችም የደጋው ዘር ለቆላው እንደማይስማማ ተገንዝበዋል።

ከዚያ ድርቅ 8 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ ማዕከል የሀገር በቀል ዝርያዎችን ለመጠበቅ መሠረት ጥሏል። ሆኖም ዋናው ጎተራ የገበሬው ቤት ነው። ስለሆነም የእርዳታ እህል ገበሬው ዘሩን ከመብላቱ አስቀድሞ ሊደርስለት፣ የዘር እህልም ከምግብ እህል ተለይቶና ለአካባቢው የሚስማማው ተመርጦ ከዘር ወቅት በፊት ሊከፋፈል ይገባል።