ከአንድ ሜትር ካኪ ሁለት ሽርጥ

ጉኑኖ ላይ መብራት ሲጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሁሉ ይቆማል፤ ከሱቅ በረንዳ የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ግን አይቋረጥም። ልብስ ሰፊው እግሩን ከፔዳሉ አላነሳም። ይህች ባለ ፔዳል መኪና ከወላይታ ሶዶ እስከ አረካ፣ ከቦዲቲ እስከ ጉኑኖ በየገበያው ዳር አለች። ሁሉም ያያታል፤ ውስጧ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወደዚህ አካባቢ ከገቡት መሣሪያዎች መካከል ለአቅመ ደካማ እንደ እሷ የተመቸ የለም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቀላል ልብስ በኩል ላስተዋውቃችሁ፤ በሽርጥ።

ጉኑኖ የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟን የአፈር ጥናት ባለሙያዎች ከአገር ውጭም ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በአገሪቱ ካቋቋማቸው የጥናት ጣቢያዎች አንዱ እዚያ ነበር። ምክንያቱ አካባቢውን ላየ ሰው ግልጽ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ መሬቱ ተዳፋት፣ ሰዉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወላይታ ከኢትዮጵያ የገጠር አካባቢዎች ሕዝብ እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ ይዞታ ላይ ነው። ከጓሮው እንሰት፣ ከፊት ለፊት ጥቂት በቆሎና ስኳር ድንች፤ አባት ይህን ለአምስት ልጅ ቢያካፍል ለማንም አይበቃም። አዲስ አበባ ጫማ ከሚጠርጉትና ሎተሪ ከሚያዞሩት ልጆች ብዙዎቹ ከዚህ የሄዱት ለዚህ ነው። መሬት የማይጠይቅ ሙያ እዚህ ሰውን ከቀዬው ሳያርቅ የሚያኖር ነው።

ስፌት ደግሞ ቦታም ብዙ አይፈልግም። መኪናዋና ሰፊው የሚቀመጥበት በርጩማ አንድ ጠባብ በረንዳ ላይ ይበቃቸዋል። የጨርቅ ነጋዴው በረንዳውን ይሰጣል፤ ጨርቅ የገዛው ሰው እዚያው ያሰፋል፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የመኪናዋ ጭንቅላት ከጠረጴዛው ተፈትቶ በሰው ትከሻ ይወሰዳል፤ ጠረጴዛው ባጃጅ ላይ ይታሰራል።  የጉኑኖው ሰፊ ጥያቄ ይህ ነው፤ በጠባብ ቦታ፣ ከመብራት መስመር ውጭ፣ በሁለት እጅና በሁለት እግር ምን ሠርቶ መሸጥ ይቻላል? አንዱ መልስ ሽርጥ ነው።

የመኪናዋ ሥራ ከታች ይጀምራል። እግር ፔዳሉን በተረከዝና በጣት እያፈራረቀ ሲጫነው ቀጭን ዘንግ ትልቁን የታች ጎማ ያሽከረክራል። ከዚያ ጎማ የተነሳው የቆዳ ቺንጋ በጠረጴዛው ቀዳዳ አልፎ ከላይ ያለውን ትንሹን የእጅ ጎማ ይይዛል። የታችኛው ትልቅ፣ የላይኛው ትንሽ ስለሆነ እግር አንድ ጊዜ ሲመላለስ መርፌዋ ብዙ ጊዜ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ጀማሪን የሚፈትነው ይህ የእግር ምት ነው። ጎማው ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል። ለዚህ ነው ጥሩ አስተማሪ ተማሪውን መጀመሪያ ያለ ክር፣ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ላይ የሚያሠራው። የመርፌው ቀዳዳ መስመሩን ሳይለቅ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ሲሄድ ያን ጊዜ ክር ይገባል።

ትልቁ ብልሃት ያለው መርፌዋ ላይ ነው። የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጭራው በኩል ነው፤ የመኪና መርፌ ግን ቀዳዳው ከሹሉ ጫፍ አጠገብ ነው። መርፌዋ ክሩን ይዛ ጨርቁን ትበሳለች፤ ወደ ላይ መመለስ ስትጀምር ከጨርቁ ሥር ክሩ ትንሽ ይላላና ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ቀለበቷን ይይዝና የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፋታል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ክር የታችኛውን አቅፎታል ማለት ነው። ከፊት ለፊት ወደ ላይ ወደ ታች የምትለው ትንሿ የብረት ክንድ ክሩን ሳብ አድርጋ ቋጠሮውን ታጠብቃለች። መርፌዋ ከጨርቁ ወጥታ ሳለች ከሥር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፉታል። ከዚያ እንደገና። እጅ ጨርቁን አይጎትትም፤ መንገዱን ብቻ ያሳየዋል። የሚጎትት ሰው መርፌ ይሰብራል።

ሁለቱ ክሮች የሚቆላለፉት በጨርቁ ውፍረት መሐል ሲሆን ስፌቱ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ይመስላል። ከጨርቁ ሥር ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ከተንዘላዘለ የላይኛው ክር ላልቷል፤ የታችኛው ክር ወደ ላይ ተስቦ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ከልክ በላይ ጠብቋል። ማስተካከያው ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ብሎን ናት። ይህችን ያወቀ ሰው የመኪናውን ግማሽ ብልሽት ራሱ ይጠግናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው አልተፈጠረም። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርቴሌሚ ቲሞንዬ እ.ኤ.አ. በ1830 በአንድ ክር የምትሰፋ መኪና ሠርቶ የወታደር ልብስ ማዘጋጀት ሲጀምር፣ እንጀራችን ተወሰደብን ያሉ የፓሪስ ሰፊዎች ወርረው መኪኖቹን ሰባበሩበት። ከዚያ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በሁለት ክር የሚቆልፈውን ስፌት እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ አስመዘገበ። ከአንድ ዓመት በፊት ቦስተን ውስጥ መኪናውን ከአምስት የእጅ ሰፊ ሴቶች ጋር አወዳድሮ በደቂቃ 250 ያህል ጥልፍ እየሰፋ ቀድሟቸው ነበር። አይዛክ ሲንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ቀጥ ብላ የምትወርድ መርፌና በእግር የሚሠራ ፔዳል ይዞ መጣ። ሲንገርን ሀብታም ያደረገው ግን ከመኪናው ይልቅ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተከፈለ የሚሸጥበት ዘዴ ይመስለኛል። ሙሉ ዋጋዋን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ቤተሰብ መኪናዋን ወስዶ፣ በእሷው ሠርቶ፣ ዕዳውን ይከፍል ነበር። እኛ ዘንድ ያንን ሥራ ዕቁብ ይሠራዋል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ የኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ብድር ለብዙ ጥቃቅን ሥራዎች መነሻ ሆኗል። ማሽን የሰውን እጅ ሥራ ያስፈታል ብሎ አጥብቆ ይከራከር የነበረው ማህተማ ጋንዲ እንኳን የሲንገርን የስፌት መኪና ለብቻዋ አውጥቶ አመስግኗታል። ለምን እንደሆነ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። መኪናዋ እግር ካልረገጣት አትሠራም፤ የሰውየውን እጅ ታፋጥናለች እንጂ አትተካውም።

ወደ ሽርጡ እንምጣ። ካኪ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ነው። አንድ ሜትር፣ ለሚያጥረው ትንሽ ታክሎ፣ ይገዛል። ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል፤ ጥጥ ያለበት ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚያጥር፣ ይህን የዘለለ ሰፊ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ይመለስበታል። ከዚያ በከሰል ካውያ ይተኮስና ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ምልክቱ የሚደረገው በስስ ቁራጭ ሳሙና ነው፤ በኋላ ሲታጠብ ይጠፋል።

ከሜትሩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ገጾች ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር ወርድና 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው። አሁን የቀረውን ተመልከቱ። በጎን 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ ሜትር ርዝመት አለ፤ በግርጌ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው 140 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱንም በቁመታቸው ለሁለት ስትሰነጥቁ አራት ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ቅዳጆች ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ ባለ 140 አንድ የአንገት ማንገቻ 60፣ አንድ የወገብ ማሰሪያ 80 ይወጣል። ከእያንዳንዱ ባለ 100 ሌላ 80 ማሰሪያ ወጥቶ 20 ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ታጥፎ ሽርጡ የሚሰቀልበት ጆሮ ይሆናል። ቅዳጁ አራት እጥፍ ሆኖ ሲሰፋ አንድ ጣት የሚያህል ጠንካራ ማሰሪያ ነው።

የብብቱ ቅርፅ ሲወጣ ደግሞ ከላይ ግራና ቀኝ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥምዝ ቁራጭ ይነሳል። ብዙ ሰው ይጥለዋል። ሁለቱን ቁራጮች በቀጥተኛው ባለ 25 ጎናቸው ብትገጥሟቸው አፉ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ክብ የሆነ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ኪስ ታገኛላችሁ። መሐል ላይ ያለው ስፌት ወደ ሽርጡ ተደርቦ ሲመታ ኪሱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ለብር፣ አንዱ ለስልክ። ከአንድ ሜትር ካኪ ሁለት ሽርጥ ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል። የዚህን አቆራረጥ ውበት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከዚያ ዳሩ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል። ጀማሪ በእጅ ወስውሶ ቢይዘው ይሻለዋል፤ የለመደ በጣቱ እያጠፈ ይሄዳል። ማሰሪያው ከገጹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉን በመስቀል ይመታል፤ ሽርጥ ሁልጊዜ የሚቀደደው እዚያ ነውና። ጥልፉ በሴንቲ ሜትር አራት ከሆነ አንድ ሽርጥ ከ2,500 በላይ ጥልፍ ይፈጃል። በእጅ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። በፔዳል፣ ክር ካልተበጠሰ፣ መርፌዋ ራሷ የምትሠራበት ጊዜ ወደ አሥር ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ማጠፍና ማገላበጥ ነው።

ማን ይለብሰዋል? እንሰት ስትፍቅ የምትውል ሴት መጀመሪያ ትምጣ። ከእንሰቱ የሚፈናጠቀው ጭማቂ ልብስ ላይ ከደረቀ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም። ብዙዎች ለሥራው ያረጀ ቀሚስ ይደርባሉ። ለእነሱ የሚሆን ሽርጥ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ከፊቱ እጥፍ የተደረገ ቢሆን እመርጣለሁ። ቡና የምታፈላ፣ በሶዶና በአረካ ሥጋ ቤቶች በዳጣ የሚበላውን ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ ሁሉም የየራሱ ልክ አለው። በመስከረም፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ሰፊዎች ሁሉ ዱንጉዛ በሚባለው የባህል ልብስ ይጠመዳሉ፤ ከዚያ የሚተርፈው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቁራጭ በካኪ ሽርጥ ኪስ አፍ ላይ ሲገባ ሆቴሎች የሚፈልጉት ዕቃ ይሆናል። ቀዩ እንዳይለቅ ግን ቁራጩ ለብቻው አስቀድሞ ይታጠብ።

ሽርጥ ሌላም ጥቅም አለው። በየገበያው የልባሽ ልብስ ክምር ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰፊ ሥራ ማጥበብና ማሳጠር ሆኗል። ሸሚዝ ቢሰፋ ከክምሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሽርጥ ግን በልባሽ ክምር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። እጅጌ የለው፣ ኮሌታ የለው፣ ዚፕ የለው፤ ሆኖም መቁረጥን፣ መቀምቀምን፣ ኪስን፣ ማሰሪያን ሁሉ ያስተምራል። የስፌት ሥልጠና በሽርጥ ቢጀመር ተማሪው የመጀመሪያ ሥራውን ይሸጣል።

ስለ ሥልጠና ካነሳሁ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከወላይታም ወጣት ሴቶችን ወደ ፋብሪካ ስፌት ወስዷል። እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ጥልፍ ይሄዳል፤ አንዷ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ትሰፋለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስትታገድ ሥራው በአንዳንድ ፋብሪካዎች ቀዘቀዘ። ወደ ቀዬዋ የተመለሰች ልጅ የእጅ ፍጥነት አላት፤ ሙሉ ልብስ መቁረጥን ግን ፋብሪካው አላስተማራትም፣ የፔዳል ምትም አታውቅም። ማሠልጠኛዎች በኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ሲያስተምሩ መብራት በሌለበት ቀበሌ የማይሠራ ሙያ እየሰጡ ነው። በየክፍሉ ጥቂት ባለ ፔዳል መኪና ቢኖር፣ ቆረጣም ከስፌቱ እኩል ሰዓት ቢያገኝ፣ የሚጠፋው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ያገለገለች መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀለሟን አይይ። መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቆ የእጅ ጎማውን በጣቱ ያዙረው፤ ሳይነቃነቅና ሳይጎረብጥ በቀላሉ መዞር አለበት። መርፌዋን ይዞ ወደ ጎን ይነቅንቅ፤ የምትወዛወዝ ከሆነ ውስጧ ተበልቷል። የቦቢን ቤቱን አውጥቶ የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍሩ ይንካ፤ የደነዘዘ ወይም የተሸራረፈ መንጠቆ ቀለበት ይስታል፣ ጥልፍ ይዘላል። በመጨረሻ ከራሱ ቤት የወሰደውን የካኪ ቁራጭ ደጋግሞ አጥፎ ያስገባላት። ሻጩ ስስ ጨርቅ ላይ ሰፍቶ ቢያሳየው አይቀበል፤ ሽርጥ ማሰሪያው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከስስ ጨርቅ እጅግ የበለጠ ውፍረት አለውና፣ የታጠፈውን ካኪ ጥልፍ ሳትዘል ያለፈች መኪና ናት የምትገዛው።