ቤት ከመግዛት አስቀድሞ በመሐንዲስ ስለ ማስመርመር

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ናሙናውን ሳያይ፥ እርጥበቱን ሳይመረምርና ሳያስቀምስ ዋጋ አይቈርጥም። ወርቅ የሚገዛም በመፈተኛው ድንጋይ ሳይፈትሽ ገንዘቡን አይከፍልም። ያገለገለ የጭነት መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው እንኳ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ የሚያወጣበትን መኖሪያ ቤት በሚገዛበት ጊዜ፥ ሳሎኑን አይቶ፥ ግቢውን ዞሮና ከደላላው ጋር ተነጋግሮ በዚያው ቀን ቀብድ ሲሰጥ ይታያል። ይህ ልማድ መታረም የሚገባው ስለ ሆነ ጥቂት ምክር ለማቅረብ እንወዳለን።

ለነጋዴ ቤት መጠለያ ብቻ አይደለም። ከባንክ ለሚበደረው ገንዘብ መያዣ፥ ንግድ በቀዘቀዘ ጊዜ የኪራይ ገቢ፥ ለልጆቹም ውርስ ነው። ስለዚህ ቤቱ ጉድለት ያለበት የሆነ እንደሆነ የሚናጋው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ንግዱም ጭምር ነው። በሥራችን ምክንያት የምናውቃቸው አንድ የእህል ነጋዴ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተዋውለው ከፍ ያለ ቀብድ ከሰጡ በኋላ፥ በአዲስ ቀለም የተሸፈነው ስንጥቅ በክረምቱ ወጣ። የተጠራው መሐንዲስ ፎቁ ለምድር ቤት ብቻ ታስቦ በተሠራ መሠረት ላይ የተጨመረ መሆኑን ገለጸ። ነጋዴውም ቀብዱን ከማጣት ቤቱን መያዝ መረጡ፤ ለመኸር እህል መግዣ ያዘጋጁት ገንዘብ ግን ምሰሶ ለማጠናከሪያ ዋለ። በዚያ ዓመት መጋዘናቸው ባዶውን ከረመ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የደነገገው ግልጽ ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ለገዢ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ቤቱን ማስመርመር ነው። ሁለተኛው፥ ሻጩ ቀብድ ካልተቀበልኩ አልጠብቅም ያለ እንደሆነ፥ «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ በሚደረገው ምርመራ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ ሳይጐድል ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ማስገባት ነው። በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ በክርክር ጊዜ አይረዳም።

መሐንዲሱ በተለይ ሊመለከታቸው የሚገባው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ መሠረቱና አፈሩ። በአዲስ አበባ በብዙ ሠፈሮች የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኰማተራል፤ ይሰነጠቃልም። መሠረቱ ይህን አፈር አልፎ ካልወረደ ወይም አፈሩ ተነሥቶ በሌላ ካልተተካ፥ ቤቱ በየዓመቱ ይነሣል፥ ይወርዳል። በሻጩ ፈቃድ ከግድግዳው ሥር ጥቂት ቆፍሮ ማየት ብዙ ያስረዳል።

2ኛ፤ ግድግዳውና ምሰሶው። በልስን ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ አግድም ዘንበል ብሎ የሚወጣ፥ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄድ ስንጥቅ ግን የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ቆሞ እንደ ሆነ ለማወቅ በላዩ ጄሶ ለጥፎ ቀን ይጻፍበታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና በመንቀሳቀስ ላይ ነው። በጭቃ ቤት ደግሞ የእንጨቱን ሥር ምስጥ እንዳልበላው ማየት ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ጣራው። የቆርቆሮው ዝገት፥ የአሸንዳው መድፈን፥ በኮርኒሱ ላይ የሚታይ ቢጫ የውኃ ምልክት ሁሉ ይመረመራል። ኮርኒሱ አዲስ ቀለም የተቀባ ቢሆን ከበላዩ ገብቶ ማየት ይገባል።

4ኛ፤ መብራቱና ውኃው። የመሬት ሽቦ መኖሩ፥ ሽቦውም ለምድጃና ለውኃ ማሞቂያ የሚበቃ መሆኑ ይፈተሻል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ምርመራው ውኃ በሚመጣበት ቀን ይደረግ፤ ቧንቧው ሁሉ ተከፍቶ ይታይ። የፍሳሽ ጉድጓዱም የት እንዳለ ይጠየቅ።

5ኛ፤ ፕላኑና ፈቃዱ። በመሬት ላይ ያለው ሕንፃ ከጸደቀው ፕላን ጋር ካልተመሳሰለ፥ የተጨመረው ክፍል ያለ ፈቃድ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የካርታውንና የዕዳውን ጉዳይ ግን መሐንዲስ ሳይሆን የሕግ ዐዋቂ ይመልከተው።

መርማሪውን ማን ይምረጥ? ገዢው ራሱ ይምረጥ፥ ራሱም ይክፈል። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ስለ ሆነ እርሱ ያመጣው መርማሪ ለገዢ ያደላል ተብሎ አይጠበቅም። የባንክ ገማች መጥቶ ቤቱን ማየቱም አይበቃም፤ የእርሱ ሥራ ቤቱ ለብድሩ መያዣ የሚሆን ዋጋ እንዳለው መገመት ነው እንጂ ስንጥቁን እየተከተለ መመርመር አይደለም። በአሜሪካ አገር የቤት ምርመራ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል፤ የአሜሪካ ቤት መርማሪዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በእኛ ዘንድ ይህን ሥራ በሚገባ ሊፈጽመው የሚችለው ልምድ ያለው የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ያየውንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍና በፎቶግራፍ አስደግፎ፥ አስቸኳይ የሆነውን ከማያስቸኵለው ለይቶ፥ የእድሳቱንም ወጪ ገምቶ ፊርማውን አኑሮ ይስጥ።

ሻጭም ቢሆን ምርመራን እንደ ጠላት ሊያየው አይገባም። አስቀድሞ ያስመረመረ ሻጭ የሚያንጠባጥበውን ጣራ በጊዜው ያሳድሳል፤ ያልታደሰውንም ገልጾ በውሉ ላይ ያጽፋል። ሕጉ ሻጭን ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ ያደርገዋልና፥ ገዢ እያወቀ በጽሑፍ የተቀበለው ጉድለት በኋላ ለክርክር አይመችም። ያልተነገረ ጉድለት ግን ሁለቱን ወገን ለዓመታት በፍርድ ቤት ያመላልሳል፤ በከተማው የንግድ ሰዎች ዘንድ የሻጩን ስም ያጐድፋል።

የመሐንዲሱ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የምርመራው ጽሑፍ ቤቱ ደኅና መሆኑን ቢያረጋግጥ ገዢው ያለ ሥጋት ይተኛል፤ ጉድለት ቢያወጣ ዋጋ ለማስቀነስ ወይም ጨርሶ ለመተው ማስረጃ ይሆነዋል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሁሉ ቀብዱ ከኪሱ ከመውጣቱ በፊት መሐንዲሱን ወደ ቤቱ ያስገባ።