የፕላስቲክ ዕቃ ዕድሜ በምን ይለካል?

ማለዳ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ማየቱ የማይቀር ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ አገልግሎት የእንስራ ነበር። እንስራ ውኃውን ቀዝቃዛ አድርጎ ቢያቆይም ባዶው እንኳ ከባድ ነው፤ ከድንጋይ ጋር የተጋጨ ዕለትም ነገሩ ያበቃል። ጀሪካን ግን ቀላል ነው፤ ቢወድቅም ይነሣል። ስለዚህ እንስራን ከጀርባ አውርዶ ቦታውን ያዘ።

ይሁን እንጂ ጀሪካንም ያረጃል። በመጀመሪያ ቢጫው ቀለሙ ይነጣል። ቀጥሎ ገጹን በእጅ ቢያሹት ነጭ ዱቄት ይለቃል። በመጨረሻም አንድ ቀን ከእጀታው ሥር ወይም ከታችኛው ማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ነውና፣ ይህ በመንገድ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ የአንዲት ልጅ የማለዳ ድካም በሙሉ በአፈር ላይ ይፈስሳል። ታዲያ አንዱ ጀሪካን ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል፣ ሌላው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚሰበረው ስለ ምንድን ነው? የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ፕላስቲክ የአንድ ነገር ስም አለመሆኑ ነው። እኛ ሁሉንም በአንድነት «ላስቲክ» ወይም «ፕላስቲክ» እንላለን። ዋንዛውንም ባሕር ዛፉንም «እንጨት» ማለታችን ትክክል ነው፤ ነገር ግን አናጢው የትኛው ለበር፣ የትኛው ለማገር እንደሚሆን ለይቶ ያውቃል። በፕላስቲክም ዘንድ እንዲሁ ነው።

ጀሪካን የሚሠራበት ዓይነት ፖሊኢታይሊን ይባላል። ይህ ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ሌላ ነገር ሲመረመር ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ጠንካራውን ዓይነት በቀላል ዘዴ ለመሥራት የተቻለው ግን በ1953 ዓ.ም. ካርል ሲግለር በተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። በተከታዩ ዓመት ጁልዮ ናታ የተባሉ ኢጣሊያዊ ሊቅ የፖሊፕሮፒሊንን አሠራር አስገኙ። ሁለቱም በ1963 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ድንች፣ እህልና ከሰል የሚጫንበት፣ እኛ «ማዳበሪያ» የምንለው ጆንያ የሚፈተለው ከዚሁ ከፖሊፕሮፒሊን ነው።

የዓይነትን ልዩነት አጉልቶ ለማየት አንድ የባሕር ማዶ ጨዋታን ምሳሌ እናድርግ። ዲስክ ጎልፍ በሚባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ክብ የፕላስቲክ ዝርግ ወርውሮ ሰንሰለት ወደ ተንጠለጠለበት ቅርጫት ያገባል። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ የተከፈተው በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ ነው። ተጫዋቾቹ አንዱን ቅርጽ ከልዩ ልዩ ፕላስቲክ ተሠርቶ ይገዙታል። ርካሹ ለእጅ የሚመች ቢሆንም፣ ከዛፍ ጋር ሲላተም ጠርዙ ቶሎ ይቦረቦራል፤ አበራረሩም ይለወጣል። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ተላትሞ እንኳ ቅርጹን ለዓመታት ይጠብቃል። እንግዲህ ቅርጹ አንድ ሲሆን ዕድሜው የተለያየው ዕቃው ከተሠራበት ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ የዕቃውን መልክ ብቻ አይቶ ዕድሜውን መገመት አይቻልም።

የዲስኩ እርጅና ከግጭት የሚመጣ ነው። የጀሪካናችን ዋና ጠላት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ፀሐይ ነው። ፕላስቲክ ማለት እጅግ ረዣዥም የሆኑ ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የሚገኙበት ነገር ነው። በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት የሚባለው) ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተባብሮ እነዚህን ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። ሰንሰለቱ ሲያጥር መለመጡ ይቀርና መሰበር ይመጣል። በገጹ ላይ የምናየው ነጭ ዱቄትም የዚሁ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አገራችን ደጋ ነው፤ ብርዱና ደመናው ዕቃውን ይጠብቀዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ቅዝቃዜ የእርጅናውን ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን የሚጎዳው የፀሐይ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጨረሯም ነው። ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ደጅ የሚውል ዕቃ፣ ነፋሻ አየር እያገኘም ቢሆን፣ በብርቱ ጨረር ይመታል።

ከሁሉ ይበልጥ በፀሐይ የሚሸነፈው ፖሊፕሮፒሊን ነው። መከላከያ ያልተጨመረበት ማዳበሪያ ደጅ ከከረመ በኋላ ሲያነሡት በእጅ ላይ የሚበጣጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በየቤቱ የምናየው ጥቁር የውኃ ታንከር በሜዳ ላይ ተተክሎ ለዓመታት ይቆያል። ምሥጢሩ ጥቁረቱ ነው። ወደ ሁለት በመቶ የሚሆን የጥቀርሻ ዱቄት ከፖሊኢታይሊን ጋር ሲደባለቅ ጨረሩን ከገጹ ላይ ያስቀረዋል፤ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ አይፈቅድለትም።

ፀሐይ የማያገኘው ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። የጠረጴዛ ላስቲክና የዝናብ ልብስ በአብዛኛው የሚሠሩት ፒ.ቪ.ሲ. ከሚባለው ነው። ይህ በተፈጥሮው ደረቅ ስለ ሆነ፣ እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ነገር ይጨመርበታል። ማለስለሻው በዓመታት ብዛት ጥቂት በጥቂት ወጥቶ ሲያልቅ፣ ላስቲኩ ይደርቅና በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለሠርግና ለበዓል ተብሎ በሣጥን ለዓመታት የተቀመጠ ጫማም፣ በወጣበት ዕለት ሶሉ እየተፈረፈረ ባለቤቱን የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ። ሶሉ ከአንዳንድ የፖሊዩሬቴን ዓይነት የተሠራ ከሆነ፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ዲስኩን ግጭት እንዲችል ያደረገው የፖሊዩሬቴን ዘመድ፣ በሣጥን ውስጥ በእርጥበት ይሸነፋል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ጠላት አለው።

እንዲሁም አንዱ ዓይነት በአንድ ስፍራ ቶሎ አርጅቶ በሌላው ስፍራ ከሚገባው በላይ ይቆያል። በአዊ ምድር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ ግራር በሰፊው ይተክላል። ችግኝ በቀጭን የፖሊኢታይሊን ከረጢት ያደገ ሲሆን፣ ከረጢቱ ሳይወልቅ ቢተከል ሥሩን አፍኖ ይይዘዋል። ላዩ ላይ በፀሐይ የሚበጣጠሰው ይህ ላስቲክ፣ ጨረር በማይደርስበት አፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። በሜዳ ላይ የተበጣጠሰውም ቢሆን ደቅቆ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ እንጂ ጠፋ አይባልም።

ከዚህ በላይ ከተነገረው ለቤታችን የሚሆነውን በአጭሩ እናውጣ።

አንደኛ፣ ዕቃ ሲገዙ ከሥሩ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። በሦስት ቀስት በተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። 1 ቍጥር የታሸገ ውኃ የሚሸጥበት ጠርሙስ፣ 2 ቍጥር ጠንካራው ፖሊኢታይሊን፣ 3 ቍጥር ፒ.ቪ.ሲ.፣ 5 ቍጥር ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቍጥሩ ዓይነቱን እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ምልክት ከሌለው ስባሪውን ውኃ ውስጥ ይጣሉት፤ ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሲንሳፈፉ፣ ፒ.ቪ.ሲ. ይሰጥማል።

ሁለተኛ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ባልዲና ሳፋ ደጅ አይዋል። በዳንግላ የማውቃቸው አንዲት እናት ሌባ ፈርተው ጀሪካናቸውን ሁልጊዜ በቤት ጥግ ያኖራሉ። የጎረቤቶቻቸው ሲነጣና ሲሰበር የእርሳቸው ቢጫነቱን እንደ ጠበቀ ነው። ሌባውን ሲጠብቁ ሳያውቁት ከፀሐይም አዳኑት።

ሦስተኛ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበትን ጀሪካን፣ ደግመው ደጋግመው ቢያጥቡትም፣ ለመጠጥ ውኃ አያድርጉት። እንዲህ ያለው ነገር በፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይቀመጥና ቆይቶ ወደ ውኃው ይመለሳል።

አራተኛ፣ ያረጀውን ላስቲክ በጓሮ አያቃጥሉ። በተለይ ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል የሚያወጣው ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ አለበት።

ክቡራን አንባብያን፤ የፕላስቲክ ዕቃ ዕድሜ በተገዛበት ዓመት ብቻ የሚቈጠር ሳይሆን፣ ከምን እንደ ተሠራና የት እንደ ዋለ ታይቶ የሚለካ ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከደመወዙ ቀንሶ የሚገዛው ጀሪካን ዋጋው ትንሽ ይመስል ይሆናል። ውኃ ቀጂዋ ልጅ ግን በየማለዳው ሃያ ኪሎ የምትታመነው በዚያ ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ፣ በደጅ የተረሳውን ጀሪካን አንሥተው ከጥላ ሥር ያኑሩት፤ ገጹንም በእጅዎ ያሹት። ነጭ ዱቄት ከለቀቀ፣ በመንገድ ላይ ከመሰበሩ በፊት አዲስ ይተኩለት።