ነርሶች ከሥራቸው ሳይለዩ ስለሚማሩት ትምህርት

አንዲት ነርስ የዛሬ ሃያ ዓመት ትምህርቷን ስትፈጽም፥ ሕፃን እንደ ተወለደ ወዲያው ዕትብቱን ማሰርና መቍረጥ እንዲገባ ተምራ ወጣች እንበል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን፥ ሕፃኑ በደኅና የሚተነፍስ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ እንዲቈረጥ ነው፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም፥ በኋላ የደም ማነስ እንዳያገኘው ይረዳዋልና። ነርሲቱ ይህን ሳትሰማ ብትቀር የስንፍና ጥፋት አይደለም፤ የሚነግራት አጥታ ነው። ጉዳቱ ግን የሚደርሰው በሕፃኑ ላይ ነው።

ስለዚህ የነርስ ትምህርት ከምስክር ወረቀቱ ጋራ የሚያበቃ አይደለም። በብዙ አገር፥ በአገራችንም ጭምር፥ የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ ተጨማሪ ትምህርት ተምሮ መገኘት ግዴታ ሆኗል። በቀድሞው ዘመን ተማሪ ትምህርት ወዳለበት መሄድ ነበረበት፤ ልዕልት ፀሐይም በ1939 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የሕፃናት ነርስ ሆነው የተመረቁት ሎንዶን ላይ፥ ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በተባለው ሆስፒታል ተምረው ነው። በሽተኞቿንና ልጆቿን ትታ ለመሄድ የማትችለው ነርስ ግን ምን ታድርግ?

በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገውን መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር በሰርተፊኬት ብቻ የተመረቁ ከ20,000 የሚበልጡ ነርሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተማሩት ኤች አይ ቪ ከመታወቁ በፊት ነው። ሁሉን በየተራ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት እናግባ ቢባል፥ ባለው ቦታ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር፤ እስከዚያስ በሽተኛውን ማን ያስታምማል? ስለዚህ በ1957 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመውና በአውሮፕላን በሚሄዱ ሐኪሞቹ የታወቀው አምሬፍ፥ ከኬንያ መንግሥትና ከነርሶች ምክር ቤት ጋራ ሆኖ፥ በ2005 በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ጀመረ። ኮምፒዩተሮቹ በየአውራጃው ሆስፒታል ተቀመጡ፤ ነርሶቹም ከተራ ሲወጡ እየተቀመጡ ተማሩ። ከዚያም ወዲህ ድርጅቱ በእጅ ስልክ የሚከፈት ሌላ ትምህርት አዘጋጀ፤ ስሙም «ጅቡ» ይባላል። ይህ በስዋሂሊ ቋንቋ «መልስ» ማለት ነው እንጂ፥ አንባቢያችን እንደሚጠረጥረው አውሬ አይደለም።

ነገር ግን ኮምፒዩተር ሁሉን አያስተምርም። የደም ሥር ፈልጎ መርፌ ማግባት፥ መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን ማስተንፈስ፥ እጅ ራሱ ደጋግሞ ካልሠራው በማየት ብቻ አይያዝም። ኬንያዎቹም ይህን አውቀው የእጁን ሥራ በሆስፒታል፥ ልምድ ባላቸው ሰዎች ፊት እንዲለማመዱት አደረጉ። በስልክ የተገኘ ወረቀት ብቻውን ይበቃል የሚል አለቃ ቢኖር፥ እኛ አንስማማም።

የቀረው የቤት ነገር ነውና ባሎችና አማቶች ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ትምህርቱ ወደ ቤት ሲመጣ ጊዜው የሚወሰደው ከቤት ነው። የምናውቃት አንዲት ነርስ ቀኑን በሥራ ውላ፥ ልጆቿን አስተኝታ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኳን ከፍታ ትማራለች። አንድ ማታ በፈተናው መካከል መስመሩ ተቋረጠባትና እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ይህ ሳያንስ የባሏ እናት፥ «ልጄ፥ ሌሊቱን ሁሉ ከማን ጋራ ትጫወቻለሽ?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ስለ ዕትብት የተጻፈውን አነበበችላቸው። አሮጊቷ ሣቁ።

«እኛስ ድሮ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ መች እንቈርጥ ነበር?»

«ምላጩንስ ትቀቅሉት ነበር፥ እማማ?»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ነቅቶ የሚያለቅሰውን ሕፃን ከዕቅፏ ተቀብለው፥ «በይ፥ የሚቀጥለውን አንብቢልኝ» አሏት።