መዝገቡ የተቆለፈበት ደሴት

ኒውዮርክ ውስጥ የቅድመ አያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመርከብ ይጀምራል። በኤሊስ ደሴት በኩል ብቻ ከ1892 እስከ 1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ገብቷል፤ የተሳፋሪዎቹም ዝርዝር ዛሬ ቤት ተቀምጦ ይገኛል። የሚያስቸግረው መጨረሻው ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ ተገኝቶ፣ የቀብር ቦታ በሚለው መስመር ላይ «የከተማው መቃብር» ተብሎ ብቻ ይነበባል። በአብዛኛው ይህ ሃርት ደሴት ማለት ነው።

ሃርት ደሴት ከብሮንክስ ማዶ ውሃው ላይ ያለች 53 ሄክታር ገደማ የምትሆን መሬት ናት። ከተማው በ1868 ገዝቷት በዓመቱ መቅበር ጀመረ፤ ከሁሉ ቀድማ ያረፈችው በበጎ አድራጎት ሆስፒታል የሞተች ሉዊዛ ቫን ስላይክ የምትባል የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ዛሬ እዚያ ያሉት ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአንድ ረጅም ጉድጓድ 150 ያህል የአዋቂ ሳጥን ሦስት ሦስት እየተደረበ ይገባል፤ የሕፃናት ሲሆን እስከ 1,000። በየመቃብሩ ሐውልት የለም። ለረጅም ዘመን ቆፋሪዎቹም እስረኞች ነበሩ።

የኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ዕድር አልነበራቸውም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ነበራቸው እንጂ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁዶች በየትውልድ ከተማቸው ማኅበር እያቋቋሙ፣ መዋጮ እየከፈሉ የመቃብር መሬት ይገዙ ነበር። በኩዊንስና በብሩክሊን የማኅበሩና የከተማው ስም የተቀረጸባቸው በሮች ዛሬም ቆመዋል። ዘሩን ለሚቆጥር ሰው አንዳንዴ በሩ ከመቃብር ድንጋዩ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ የመርከቡ መዝገብ «ሩሲያ» ብሎ ያለፈውን ሰው በሩ የየት ከተማ ልጅ እንደሆነ ይናገርለታል። ገንዘብ ላጠረው ደግሞ በ1888 በነፃ የሚቀብር የአይሁድ ማኅበር ተቋቋመ፤ ወገን በድሆች መቃብር እንዳይቀር ነው።

እንግዲህ ወደ ደሴቲቱ የሄደው ማኅበር ያልደረሰለት፣ ወይም ሞቱን በጊዜው የሰማለት ያልነበረ ሰው ነው። ከአውሮፓ ተሰዶ ሆሊውድ የገባው ጸሐፊ ሊዮ ቢሪንስኪ ግሬታ ጋርቦ የተወነችበትን የ1931 «ማታ ሃሪ» ፊልም ከጻፉት አንዱ ነበር፤ በ1951 ሲሞት የተቀበረው እዚያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚህ ሙታን ስም የለሽ ናቸው መባሉ ነው። የብዙዎቹ ስም ይታወቃል። በሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ በመዝገቡም ስም፣ ዕድሜ፣ የሞቱበት ቦታና የጉድጓዱ ቁጥር ይሰፍራል። በ1977 በተነሣ እሳት ከመዝገቦቹ የተወሰኑት ጠፍተዋል፤ የተረፈውን ከሕዝብ ያራቀው ግን አስተዳደሩ ነው። ደሴቲቱን ይመራ የነበረው የማረሚያ ቤቶች መምሪያ ነበርና፣ የሙት ዘመድ እንደ እስረኛ ጠያቂ ይስተናገድ ነበር፦ መታወቂያውንና ስልኩን አስረክቦ፣ ከወደቡ አጠገብ ካለች መጠለያ ሳያልፍ ይመለሳል። «የከተማ ቀብር» የሚል ወረቀት ላይ ትርጉሙን ሳይረዱ የፈረሙ፣ ልጃቸው የት እንዳረፈ ለዓመታት ያላወቁ እናቶችም አሉ።

ነገሩን የገፋችው ሜሊንዳ ሃንት የምትባል ሠዓሊ ናት። ከ1990ዎቹ ጀምራ ደሴቲቱን ስትከታተል ቆይታ፣ በ2008 በመረጃ ነፃነት ሕግ ከ1985 ወዲህ ያለውን መዝገብ አስወጣች፤ ድርጅቷም በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አደረገው። በ2015 ቤተሰቦች ባነሡት ክስ ስምምነት ተደርሶ ዘመድ እስከ መቃብሩ እንዲደርስ ተፈቀደ። በ2019 የከተማው ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ በጁላይ 2021 ደሴቲቱ ለፓርኮች መምሪያ ተላለፈች። አንዳንዶች መቃብር መናፈሻ ሊሆን ነው ብለው ቅር ብሏቸዋል። ቢሆንም መናፈሻ ጠባቂ ከወህኒ ጠባቂ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስሙን ከመዝገቡ ፈልጎ የጉድጓዱን ቁጥር ይይዛል፤ በብሮንክስ ካለችው ሲቲ አይላንድ በጀልባ ተሻግሮም ቁጥሩ የተጻፈበትን ነጭ ምልክት ያገኛል። ይህ የሚሠራው ግን ለቅርቡ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሞተ ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው ከከተማው ቤተ መዛግብት የድሮውን የቀብር ደብተር ማገላበጥ አለበት፤ ስሙን ቢያገኝ እንኳ የቆመበት ሣር የሰውየው መሆኑን የሚያረጋግጥለት የለም። ቀብሩም አልቆመም፤ በ2020 በኮሮና ወቅት ቁጥሩ ሲያሻቅብ ከተማው ለቁፋሮው ተቋራጭ ቀጠረ።