ሙቀቱም ባሕሩም አላዳኑም፦ ከካሪቢያን የቅንጦት መርከብ እስከ ካርቲየ 7 ቢስ

«ይህ የብርድ አገር በሽታ ነው፤ የእኛን ሙቀት አይችለውም።» ኮሮና ዓለምን በወረረበት በ2020 መጀመሪያ ይህ አባባል በየሞቃት አገሩ ይነገር ነበር። በጅቡቲ ከተማ እንደ ካርቲየ 7 ቢስ ባለ፣ በሙቀቱ ወራት ቆርቆሮው እሳት በሚተፋበት ሰፈር ደግሞ ማመኑ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ፀሐይ መሞቅም ሆነ ከ25 ዲግሪ በላይ የሆነ አየር ከበሽታው እንደማያድን ለይቶ ማስተባበል ግድ ሆኖበታል። ያው እምነት በሌላ ልብስ ለሀብታምም ሲሸጥ ነበር፦ ካሪቢያን ሞቃት ነው፣ የባሕር አየር ንጹሕ ነው፣ መርከቧ ትንሽና የተከበረች ናት፣ የሚሳፈረውም ሁሉ ተመርምሮ ነጻ የተባለ ነው። የቆርቆሮ ቤቱ ነዋሪና የቅንጦት መርከቡ ተሳፋሪ በኑሮ የሚገናኙበት መንገድ የለም። የተሳሳቱት ግን በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም በሽታውን የሚያቆመው ቦታው ነው ብለው አሰቡ። የወሰነው ቦታው ሳይሆን ማን ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ክፍል፣ ለስንት ሰዓት ተቀምጦ አብሮ እንደሚተነፍስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ7 ቢስን ነገር ለማስረዳት የመዝናኛ መርከብ ምን አመጣው የሚል ካለ፣ ምክንያቱ ቆጠራው ነው። በሰፈር ውስጥ ማን ከማን እንደያዘው ማወቅ ከባድ ነው፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። መርከብ ላይ ግን የተሳፋሪው ስም ዝርዝር አለ፣ የገባበት ቀን አለ፣ የተኛበት ክፍል ቁጥር አለ። ስለዚህ ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይንቲስቶች ስለ ቫይረሱ ብዙ የተማሩት ከመርከብ ነው። ማንም ሆን ብሎ ሊያደርገው የማይደፍረውን ሙከራ ባሕሩ ላይ የነበሩ መርከቦች ሳይፈልጉ አደረጉት።

ከሙቀት እንጀምር፤ ለዚህ ራሷ ጅቡቲ በቂ ምስክር ናት። የመጀመሪያው በሽተኛ ማርች 18 ቀን 2020 ተመዘገበ፤ ከአራት ቀን በፊት ከአውሮፓ የባሕር ኃይል ተልዕኮ ጋር የመጣ የስፔን ወታደር ነበር። መንግሥት ማርች 23 ላይ እንቅስቃሴ ዘጋ፤ ሜይ 17 ላይ ቀስ በቀስ መክፈት ጀመረ። በጁን አጋማሽ፣ ሰው በጥላ ስር እንኳ በሚቃጠልበት ጊዜ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ከ4,000 በላይ ሰው መያዙ ታውቆ ነበር። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲሰላ ያኔ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች ውስጥ የሚመደብ ነው። እዚህ ላይ የሙቀቱ ጠበቃ ጥሩ መልስ አለው፦ «ጁላይና ኦገስት ላይ፣ ኻምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ፣ ቁጥሩ ወረደ አይደል?» እውነት ነው፣ ወረደ። ነገር ግን በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ ጅቡቲ በምትቀዘቅዝባቸው ወራትም እንደ ወረደ ነው የቆየው። ከዚያ በማርችና በኤፕሪል 2021 ተመልሶ ወጣ፤ በሁለት ወር ውስጥ እስከዚያ የተመዘገበው ጠቅላላ ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ደግሞ የመጣው በጃንዋሪ 2022 ነው። አንዴ በሙቀት የሚወጣ፣ አንዴ በሙቀት የሚወርድ፣ አንዴ በቀዝቃዛው ወር የሚፈነዳ ነገር መሪው ቴርሞሜትር ሊሆን አይችልም።

እንዲያውም ሙቀት በተዘዋዋሪ መንገድ ለቫይረሱ ሳይመቸው አይቀርም። ፀሐይ ላይ የወደቀ ቫይረስ ቶሎ ይሞታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሰው ግን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ይሸሻል። ጅቡቲ ውስጥ ቀትር ላይ መንገዱ ጭር ይላል። ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ፣ እቅፉ ተከፋፍሎ፣ በርጫ ሲጀመር ደግሞ መብረዙ፣ ማለትም የመቃሚያው ክፍል፣ ይሞላል፦ ፍራሹ በግድግዳው ዙሪያ ተዘርግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ኤርኮንዲሽነሩ እንዳይባክን በሩ ተዘግቷል፤ ወሬው እስኪመሽ ይደምቃል። ኤርኮንዲሽነሩ ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ይሰጣል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። ቫይረሱ ከአንዱ ሰው ሳንባ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፦ ዝግ ክፍል፣ ረጅም ሰዓት፣ ብዙ ንግግር። በር ላይ ያለው 40 ዲግሪ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ምንም አያደርግለትም። በዚህ ሚዛን ሲለካ፣ ሌሊት አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ድሃ ቤተሰብ ቀን በመብረዝ ከሚውለው ይሻላል።

«የባሕር አየር ንጹሕ ነው» ወደሚለው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ከጃፓን ዮኮሃማ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጃንዋሪ 25 ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ፤ ፌብሩዋሪ 1 ላይ ኮሮና እንዳለበት ታወቀ። መርከቧ ተመልሳ ዮኮሃማ ላይ ከፌብሩዋሪ 5 ጀምሮ ለይቶ ማቆያ ሆነች። ከ3,711 ተሳፋሪና ሠራተኛ 712ቱ ተይዘው ተገኙ፤ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዙሪያዋ ማለቂያ የሌለው ንጹሕ አየር ነበር፤ ሰዎቹ የኖሩት ግን በመስኮት አልባ መተላለፊያ፣ በሬስቶራንትና በቲያትር አዳራሽ ነበር። በኋላ በ2021 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በዚያች መርከብ ከተላለፈው በሽታ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ጠብታዎች በኩል ነው። ዓለም መርከቧ በታገደችበት ሰሞን እጅ በመታጠብና ጠረጴዛ በመወልወል ላይ ነበረ፤ መልካም ልማድ ነው፣ አየሩን ግን አያጸዳም።

«ገንዘብ ያለው ይሸሻል» የሚለውስ? ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው ለማረም የሚያስቸግረው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ተሳፋሪው በየክፍሉ ተዘግቶ እንዲቀመጥ ከታዘዘ በኋላ ምግብ በራፉ ድረስ ይመጣለት ነበር። ምግቡን የሚያበስለውና የሚያደርሰው ሠራተኛ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ማታም የሚተኛው ከጓደኛው ጋር በጋራ ክፍል ነው። ለይቶ ማቆያው እንደተጀመረ በመጀመሪያ ከተያዙት 20 ሠራተኞች 15ቱ የምግብ ክፍል ሠራተኞች ሆነው ተገኙ፤ 16ቱ ደግሞ ክፍላቸው በሦስተኛው ፎቅ፣ የምግብ ሠራተኞቹ በሚኖሩበት፣ ነበር። ከላይ ያለውን ሰው ለመለየት ከታች ያለው አልተለየም፤ ሊለይም አልቻለም። መርከቦች ሥራ ካቆሙ በኋላም ተሳፋሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሠራተኛው ባሕር ላይ ቀረ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኤፕሪል 2020 እንደገለጸው፣ በአገሪቱ ዳርቻ ወደ 100 በሚጠጉ የመዝናኛ መርከቦች ላይ 80,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። ጅቡቲ ላይ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በሚያልፍበት ወደብ ቤት ዘግቶ መቀመጥ የሚችለው ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ነው፤ ጫኝና አውራጅ ከቤቱ ሆኖ ጆንያ አያወርድም።

ከተረቶቹ ሁሉ ጠንካራው ግን የምርመራ ወረቀቱ ነው፤ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል። እዚህ ላይ የካሪቢያኗ መርከብ ትምህርቷ ከሁሉ ይልቃል። ወረርሽኙ መርከቦቹን ካቆመ በኋላ ወደ ካሪቢያን በመመለስ ቀዳሚ የሆነችው ሲድሪም 1 የምትባል ትንሽ የቅንጦት መርከብ ናት። በኖቬምበር 2020 ከባርባዶስ የተነሣችው 53 ተሳፋሪ ብቻ ይዛ ነው፤ ሠራተኛው ከተሳፋሪው ይበልጥ ነበር። ሁሉም ወደ ባርባዶስ ከመብረራቸው በፊት ተመርምረዋል፤ ወደ መርከቧ ሲገቡም በድጋሚ ተመርምረዋል፤ ሁሉም ነጻ ተብለዋል። በዚህ እርግጠኝነት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ጭንብል አሳለፉ። ጉዞው ሳምንት ሳይሞላ አንድ ተሳፋሪ ታመመ፤ መርከቧ ወደ ባርባዶስ ተመለሰች፤ በመጨረሻ ቢያንስ 7 ተሳፋሪዎች ተይዘው ተገኙ። ኩባንያው የዓመቱን ቀሪ ጉዞ ሰረዘ። ይህ እንዲሆን ማንም ማጭበርበር፣ የምርመራ መሣሪያውም መበላሸት የለበትም። ምርመራ የዚያች ሰዓት ፎቶ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ገና ሳይባዛ በፎቶው ላይ አይታይም። በተያዘ በማግስቱ የተመረመረ ሰው ነጻ ይባላል፤ ምልክት የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ገደማ ቆይቶ፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ዘግይቶ ነው። ወረቀቱ ስለ ትናንት የተናገረውን ሰዎች ስለ ነገ ቃል ኪዳን አድርገው ወሰዱት፤ ጭንብላቸውንም በዚሁ እምነት አወለቁ።

«እንግዲያስ ምርመራ ከንቱ ነው» የሚል ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል፤ እኔ ግን አልስማማም። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ተይዘው ከተገኙት 712 ሰዎች ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸው በተመረመሩበት ሰዓት ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ሁሉም ባይመረመር ኖሮ እነዚህ ጤነኛ ተብለው ይወርዱ ነበር። ምርመራ በሽታ አይከለክልም፤ በሽታው የት እንዳለ ይነግራል። ይህን አለመለየት ሌላ ተረት ወልዷል፦ ጅቡቲ በአፍሪካ ከሁሉ የከፋች ነበረች የሚል። ጅቡቲ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ብዙ መርምራለች፣ ብዙም አገኘች። ወረርሽኙ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ከ15,600 በላይ ተያዦች ሲመዘገቡ የሞቱት ወደ 190 ነው። ያልመረመረ ጎረቤት ትንሽ ቁጥር ስላሳየ ጤነኛ ነበር ማለት አይደለም። መርከብ ክፉ ስም የወጣላትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፦ የተቆጠረ ቦታ ካልተቆጠረው ይበልጥ የታመመ ይመስላል።

ይኸው የቁጥር ስሕተት በሰው ላይም ወድቋል። በ2020 የበልግ ወራት በኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር መግለጫ «ከጅቡቲ የተመለሰ» የሚለው ቃል ሲደጋገም፣ ከባድ መኪና አሽከርካሪው የበሽታው ተሸካሚ ተደርጎ ታየ። አሽከርካሪው ግን በብዛት የተገኘው በብዛት ስለተፈለገ ነው፤ ድንበር ላይ ስሙ የሚጻፍ፣ የሚመረመርና የሚጠበቅ እሱ ነበር። በመንገዱም ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ብቻውን ወይም ከረዳቱ ጋር በጋቢናው ውስጥ ነው። የሚያሰጋው ሰልፍ የያዘበት ቢሮ፣ አሽከርካሪዎች በሚያርፉበት ፒኬ 12 ላይ ተጠጋግቶ የሚበላበት ቤትና አብሮ የሚያድርበት ክፍል ነው እንጂ መንገዱ አይደለም። ሰውን ከመክሰስ ክፍሉን ማናፈስ ይቀል ነበር፤ ግን ክፍል ስም የለውምና ለወሬ አይመችም።

ታዲያ የካሪቢያን መርከብ ፈጽሞ የማይቻል ነገር ነበረች? አልነበረችም፤ ይህም ክርክሩን ያጠናክረዋል። በጁን 2021 ሴሌብሪቲ ሚሌኒየም ከሴንት ማርተን ደሴት ስትነሣ ሠራተኞቿና አዋቂ ተሳፋሪዎቿ በሙሉ ተከትበው ነበር። በጉዞው ማብቂያ በተደረገ ምርመራ አንድ ክፍል የተጋሩ ሁለት ሰዎች ተይዘው ተገኙ፤ ወዲያው ተለዩ። እንደ ዮኮሃማው ዓይነት እሳት አልተነሣም። ባሕሩም ሙቀቱም ከሲድሪም 1 ጊዜ ጋር ያው ነው፤ የተለወጠው በዋናነት ክትባቱ ነው። ይህም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና አልሆነም፦ ኦሚክሮን ሲመጣ የአሜሪካው ማዕከል ዲሴምበር 30 ቀን 2021 የተከተበ ሰው ጭምር ከመዝናኛ መርከብ እንዲርቅ መከረ። አዲሱ ዝርያ የክትባቱን አጥር በቀላሉ ይዘል ነበርና መያዙ በዛ፤ ክትባቱ ግን ከከባድ ሕመምና ከሞት ማትረፉን አልተወም። በዚያው ሰሞን፣ በጃንዋሪ 2022፣ ጅቡቲ ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ከ1,500 በላይ አዲስ ተያዦች ተመዘገቡ። ከተማዋ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ለኑሮ ምቹ የሆነ አየር የምታገኝበት ወር ነበር።